ከመናፈሻችን የሚሰናበቱ እንግዶች

አንባብያን ሆይ! በመጋቢት ወር ማለዳ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ስትገቡ፣ በግቢው ሣር ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አይታችሁ ይሆናል። ደረቷ ቢጫ፣ እግሯ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ፈጠን ብላ ትራመድና ቆም ብላ ረጅም ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ትነቀንቃለች። ስሟን የጠየቃችሁ ሰው ቢኖር «ወፍ ናት» ብላችሁ ታልፉ ነበር። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ የእኔም መልስ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ አያልፍም ነበር። የወፎችን ነገር እንድጠይቅ ያደረገኝም መጽሐፍ አይደለም፤ ወንጭፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ዓለም የአየር ጠባይ በማስተምርበት ሰዓት ከኋለኛው ወንበር ሹክሹክታ ሰማሁ። ቀርቤ ባይ አንድ ልጅ በኮቱ ኪስ ውስጥ የሞተች ወፍ ይዟል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር በላስቲክ ወንጭፍ እንደ መታት ሲናገር ከኀፍረቱ ይልቅ ኩራቱ ይበልጥ ነበር። ተቆጣሁ።

«ይህች ወፍ ምን አደረገችህ?» አልሁት።

«ምንም አላደረገችኝም፣ መምህር» አለና ራሱን ዝቅ አደረገ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ግን ምን ወፍ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ መልሴን ጠበቁ፤ እኔ ግን አላወቅሁም። የገደላት ልጅ ስሟን አያውቅም፤ ስለ ገደላት የሚቆጣው አስተማሪም ስሟን አያውቅም። እንግዲህ ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደ ተሳሳተ ለመፍረድ ቸገረኝ።

ከትምህርት በኋላ ወፊቱን ወደ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ወስደን በሚዛን ላይ አኖርናት። ሚዛኑ ዘጠኝ ግራም አሳየ። አንዲት ተማሪ ከሻይ ክበብ ስኳር አምጥታ እየሰፈረች ስትመዝን፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ሆነ። በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ ተማርሁበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁና ሥዕል ያለበት የወፎች መጽሐፍ ስገልጥ ያችኑ ወፍ አገኘኋት፤ ጀርባዋ አረንጓዴ የመሰለ ቡናማ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። እንግሊዞች ዊሎ ዋርብለር ይሏታል። ከሥዕሉ አጠገብ ያለውን ካርታ ባየሁ ጊዜ ግን የጂኦግራፊ አስተማሪነቴ ሁሉ ተረሳኝ። የምትወለድበት አገር ተብሎ ቀለም የተቀባው ከሰሜን አውሮፓ ጀምሮ ሩሲያን አቋርጦ እስከ ሳይቤሪያ ያለው ምድር ነበር።

ስለዚህ ልጁ የመታት ወፍ የአጥራችን ወፍ አልነበረችም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ረጅም ጉዞ ልትጀምር ስንቅ የምትቋጥር መንገደኛ ነበረች።

እንግዳና ባለቤት

በኢትዮጵያ እስካሁን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ የሚበዙት ባለቤቶች ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ከአገራችን አይለዩም። በማለዳ በጣራችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው፣ መንቁሩ እንደ ማጭድ የጎበጠው ትልቅ ወፍ ባለቤት ነው፤ እንዲያውም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በአበባ ላይ ተንጠልጥላ ማር የምትመጠው፣ በሳይንስ ስሟ «ተከዜ» ተብላ በወንዛችን ስም የተጠራችው ወፍም ባለቤት ናት።

ሌሎቹ ግን እንግዶች ናቸው። በአውሮፓና በእስያ ቅዝቃዜ ሲገባና ነፍሳት ሲጠፉ ወደ እኛ ይወርዳሉ። የሚያባርራቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ረኀቡ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይገባሉ፤ መስከረምና ጥቅምት ሲሆን ሜዳውም መናፈሻውም በእነርሱ ይሞላል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ደግሞ ተነሥተው ይሄዳሉ። በሰሜኑ አገር በዚያን ጊዜ ቀኑ ይረዝማል፣ ትሉና ትንኙ ይበዛል፤ ጫጩት ለማሳደግ ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም።

የአባቶቻችን የዘመን አከፋፈል ዓመቱን በአራት ሲከፍል ዘመነ ጸደይን ከመጋቢት 26 ቀን ያስጀምረዋል። እነሆ፣ የእኛ ጸደይና የወፎቹ መሄጃ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «የመስቀል ወፍስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በመስቀል ሰሞን ብቅ ብላ የምትጠፋ ስለሚመስል፣ ከሩቅ አገር የምትመጣ እንግዳ ናት ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ዳሩ ግን ሰዎች በዚህ ስም ከሚጠሯቸው ወፎች አንዳንዶቹ፣ ማለትም ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሱት፣ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ ሚስት በሚፈልጉበት በዝናቡ ወራት ያጌጡና፣ በጋ ሲሆን እንደ ሴቶቹ ተራ ቡናማ ልብስ ለብሰው ከመንጋው ጋር ይቀላቀላሉ። በጥር ወር በአጠገባችን ተቀምጠው እኛ አናውቃቸውም። እንግዲህ የጠፋ የመሰለን ወፍ አለ፤ ያለ የመሰለን ወፍ ደግሞ ሄዷል። ሁለቱን ለመለየት መመልከት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ማለዳ በጉለሌ

በመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ አሥራ አራት ተማሪዎች ይዤ በከተማችን ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወጣሁ። ይህ ሥፍራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሔክታር በላይ፣ ከፍታውም ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ሩቅ የሚያሳይ መነጽር የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስሁት ነበር። ባለ ወንጭፉ ልጅ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ከሁሉ በኋላ ይከተለን ነበር።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አላየንም። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ አሥራ አምስት ሰው እያወራ ሲሄድ የሚቆም ወፍ የለም። ደግሞም መንገዳችን በባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተማችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ሆኖም በዚያ ቀን ከሥሩ ያገኘነው ደረቅ ቅጠልና ጸጥታ ብቻ ነው። ወደ ምንጩ ወርደን፣ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ በተቀላቀሉበት ሥፍራ ተቀምጠን አፋችንን ስንዘጋ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

በመጀመሪያ ያችው ቢጫ ወፍ በእርጥቡ ሣር ላይ መጣች፤ ብቻዋንም አልነበረችም። በመነጽሩ ስናያቸው የአንዳንዱ ራስ ሰማያዊ ግራጫ፣ የሌላው ጥቁር ነበር። ወፎቹ ከየአገሩ የመጡ የአንድ ቤተ ዘመድ ነገዶች ናቸውና፣ ራሳቸውን ያየ ትውልዳቸውን ይገምታል። ቢጫቸውም በኅዳር ካየሁት የደመቀ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ላባቸውን ይለውጣሉ፤ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው አዲስ ልብስ ለብሰው ይነሣሉ።

ቀጥሎ በኮሶው ቅርንጫፍ ላይ ግራጫ ወፍ ታየ፤ በአናቱ ላይ ልክ እንደ መነኩሴ ጥቁር ቆብ ደፍቷል። ሚስቱ ደግሞ ቡናማ ቆብ ነበራት። «ይህስ ባለ ቆብ ነው!» አለች ስኳሩን የመዘነችው ተማሪ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስመለከት ጀርመኖችም ይህንኑ ወፍ በመነኩሴ ስም እንደሚጠሩት አነበብሁ፤ ሰኞ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ስሙን ለማናውቀው ወፍ ሁሉ እኛው ስም እናወጣለን። ቢጫይቱን «ጅራተ ነቅናቂ» ብለናታል። ከእናንተ መካከል በየወረዳው የሚነገረውን እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር፣ ጽፎ ቢያስተምረን እናመሰግናለን።

ፀሐይ ከሞቀ በኋላ በእንጦጦ ሸንተረር ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ንስር ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር አየን። ይህ ንስር ከሩሲያ፣ ከካዛክስታንና ከሞንጎሊያ የሣር ሜዳዎች የሚመጣ ነው፤ ቁጥሩ እጅግ እየቀነሰ ስለ ሄደ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ተመድቧል። ከሥሩ ደግሞ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ጨረባዎች በሣሩ ላይ ዝቅ ብለው ትንኝ ይለቅሙ ነበር።

ልንመለስ ስንል ባለ ወንጭፉ ልጅ ክንዴን ነካኝ። በአጋሙ ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዘለለች ትለቅም ነበር። ጀርባዋ አረንጓዴ የመሰለ ቡናማ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ።

«መምህር፣ ያችው ናት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም ምንም አላልሁም።

የዘጠኝ ግራም መንገደኛ

አንባብያን ሆይ! ካርታ አንሡና መስመር ከአዲስ አበባ ቀጥ ወደ ሰሜን ሳቡ። ሞስኮ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ርቀቱም 5200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛዋ ዘጠኝ ግራም ወፍ ይህን ያህል፣ ምናልባትም ከዚህ አብልጣ ትጓዛለች። በመንገዷ ላይ የሱዳንና የግብፅ ወይም የዐረቢያ በረሃ አለ፤ በዚያም ትልም ጥላም አይገኝም። ስለዚህ ከመነሣቷ በፊት ሌት ተቀን ትበላለች ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ትናንሽ ወፎች አንዳንዶቹ በረሃ ከማቋረጣቸው በፊት ክብደታቸውን እጥፍ ያህል ያደርሱታል፤ ጭማሪውም ስብ ነው። ስቡም ስንቃቸው ነው። በመናፈሻ ውስጥ የምታዩት ያ ሁሉ መቻኮል እንዲሁ ጨዋታ አይደለም፤ አንድ ቁጥቋጦ ሲቆረጥ ከስንቋ አንድ ቀን ተቀነሰ ማለት ነው።

የሚበዙት ትናንሽ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። አየሩ ይቀዘቅዝላቸዋል፤ ከጭልፊትም ያመልጣሉ። መንገዱን በምን ያውቁታል? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፍራንዝ ዛወር የተባለ ጀርመናዊ፣ የባለ ቆቡን ዘመዶች ሰው ሠራሽ ከዋክብት በሚታዩበት አዳራሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊታቸውን ወደ መሄጃቸው እንደሚያዞሩ አሳየ። በ1960ዎቹ ደግሞ በፍራንክፈርት ቮልፍጋንግ ቪልችኮ ወፎች የምድርን የመግነጢስ ኀይል እንደሚያውቁ በሙከራ አስረዳ። ከእነዚህ ትናንሽ ወፎች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን መንገድ እየመሩ አይወስዱም፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈለው ጫጩት መምህር ሳይኖረው ብቻውን ወደ አፍሪካ ይወርዳል። የአስተማሪነትን ሥራ ለያዝን ሰዎች ይህ ትንሽ ትሕትና የሚያስተምር ነገር ነው።

ትልልቆቹ ግን፣ እንደ ንስርና እንደ ሽመላ ያሉት፣ የሚጓዙት በቀን ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው ከሞቀ ምድር በሚነሣው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለው መንገድ በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ትልልቅ ወፎች እንደሚያልፉ ይገመታል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ላይ የመምጫ ጊዜያቸውን የሚያውቁ ወፎች ብሎ ሽመላን፣ ዋኖስንና ጨረባን ሲጠቅስ፣ የነበረው ከዚሁ መንገድ ሥር በኢየሩሳሌም ነው። ዛሬም በዚያች ከተማ በፓርላማውና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል አንዲት ትንሽ የወፍ መመልከቻ ሥፍራ አለች። ከጉለሌ የተነሣ ባለ ቆብ በዚያ አርፎ ውኃ ቢጠጣ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሁሉም ግን ይደርሳሉ ማለት አይደለም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች በወጥመድ፣ በማጣበቂያና በጠመንጃ ሕግ እየጣሱ የሚገደሉት ወፎች በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ወፎችን የሚጠብቀው በርድላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ገምቷል። ከዚህ ቁጥር ጋር ሲያስተያዩት የአንድ ተማሪ ወንጭፍ ምንም አይደለም። ይሁን እንጂ ለዚያች ለአንዲቱ ወፍ ሁሉም ነገር ነበር።

አንድ አስተማሪና አንድ የባንክ ጸሐፊ

«ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ እኛ ምን አግብቶን?» የምትሉ ብትኖሩ፣ ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

ከጥንት ጀምሮ ብዙ አውሮፓውያን ጨረባ ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን አንዲት ሽመላ አንገቷ በአፍሪካ ጦር ተወግቶ፣ ጦሩም ሳይወጣ ስትበር ተገኘች። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ይህን ጦር ተሸክማ መድረሷ፣ ክረምቱን የት እንደ ከረመች አስታወቀ። ሽመላይቱ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። ነገር ግን ወፎች ሁሉ ጦር ይዘው እንዲመጡ መጠበቅ አይቻልም። በዴንማርክ በቪቦርግ ከተማ ያስተምር የነበረ ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 የተሻለ ዘዴ አሰበ። ከአሉሚኒየም ቀላል ቀለበት ሠራ፤ በላዩም ቁጥርና አድራሻ ጽፎ በ165 ወፎች እግር ላይ አጠለቀ። ወፏን ያገኘ ሰው በአድራሻው ይጽፍለታል ማለት ነው። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚሠራበት የወፍ ቀለበት ከዚህ አስተማሪ እጅ የተጀመረ ነው።

ሁለተኛው ፍራንክ ቻፕማን የሚባል፣ በኒው ዮርክ በባንክ ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ከሥራ በኋላ በሁለት ቀን በከተማው የገበያ መንገድ እየተራመደ የወይዛዝርቱን ባርኔጣ ቆጠረ። ከ700 ባርኔጣ 542ቱ በወፍ ላባ ወይም በሙሉ ወፍ ያጌጠ ነበር፤ ወፎቹም የ40 ዓይነት ነበሩ። ማንንም አልተሳደበም፤ ቁጥሩን ጽፎ በጋዜጣ አወጣው። በዚያው ዓመት የባንክ ሥራውን ትቶ ወደ ወፎች ጥናት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1900 በገና ዕለት ወፍ መግደሉን ትተው እንዲቆጥሩ ሰዎችን ጋበዘ፤ 27 ሰዎች እሺ አሉት። ይህ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል።

በዚያችው በኒው ዮርክ 341 ሔክታር የሚሆነው ሴንትራል ፓርክ በሕንፃ ተከብቦ ይገኛል። በሰሜኑ ጸደይ ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩት ትናንሽ ወፎች ሲነጋ ወደ ታች ቢያዩ ከሲሚንቶ መካከል ያለው አረንጓዴ እርሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደዚያ ይወርዳሉ። በዚህም ምክንያት በገጠር ሜዳ ተበትነው የማይታዩ ወፎች በከተማ መካከል ተሰብስበው ይታያሉ፤ ሠራተኞችም ወደ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ቆመው ያያሉ። የከተማ መናፈሻ ማለት በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነው። ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ደሴቲቱ ይበልጥ ታስፈልጋለች። ይህ ነገር ለአዲስ አበባም ይሠራል።

የግቢያችን ጥግ

ይህን ሁሉ ስጽፍ እኛም የምንጠብቀው ትንሽ ደሴት ስላለን ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ በስተኋላ፣ የቧንቧው ውኃ በሚፈስበት ጥግ፣ ቀጋ፣ አጋምና ሁለት ያረጁ ወይራዎች የበቀሉበት ሥፍራ አለ። በሚያዝያ ወር ይህ ጥግ ተጠርጎ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ያንን ጥግ «ጫካ» ከማለት በቀር በሌላ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም።

ተማሪዎቹ ግን ከየካቲት ጀምሮ በዕረፍት ሰዓት ተራ እየገቡ ያዩትን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጽፉ ነበር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የወፍ ዓይነት፣ ብዛት። በደብተሩ ውስጥ ሰባት ዓይነት እንግዳ ወፎች ተመዝግበው ነበር። እኔ ደብዳቤ ልጽፍ ስነሣ ልጆቹ «መምህር፣ ደብተሩን እናሳያቸው» አሉኝ። ለኮሚቴው ደብተሩን ያቀረበው ባለ ወንጭፉ ልጅ ነው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ዘጠኝ ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደሆነ፣ ከዚህ እስከ ሞስኮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ተናገረ። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህች ወፍ በየት አገር ፓስፖርት ነው የምትገባው?» ብለው አሳቁን።

የሆነውን እውነቱን ልንገራችሁ። ሙሉ በሙሉ አላሸነፍንም። ቆረጣው ወፎቹ እስኪሄዱ እስከ ሰኔ እንዲቆይ ተደረገ፤ ከዚያም ግማሹ ተቆረጠ፣ ሁለቱ ወይራዎችና የውኃው ዳር ቀሩ። በሰኔ ወር መጥረቢያው ሲያርፍ ተማሪዎቹ ለፈተና ሲያጠኑ ነበርና ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ በየዓመቱ ወደ ከረሙበት ወደዚያው ሥፍራ እንደሚመለሱ በቀለበት ተረጋግጧል። የእኛዎቹ ተመልሰው ግማሹን ጥግ ሲያገኙ ምን ያደርጉ ይሆን? ደብተሩ እስካሁን ተከፍቶ ይጠብቃል።

እናንተስ?

ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም። በማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውኃ ባለበት ሥፍራ ተቀመጡ፤ አትከተሏቸው፣ ይልቁንም ይምጡላችሁ። ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት መጠኑን፣ ጅራቱንና አካሄዱን ተመልከቱ፤ ቀለም በጥላ ውስጥ ያታልላል። ያያችሁትን ከቀኑና ከቦታው ጋር ወዲያው ጻፉ፤ የማታውቁትንም ወፍ «አላወቅሁትም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ በግምት ስም አትስጡ። ስልክ ያላችሁ ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቋቋመው ኢበርድ በተባለው መዝገብ ቆጠራችሁን ብትልኩ፣ በሳይቤሪያ ያለ ተመራማሪ ሳይቀር ያገኘዋል።

በአዲስ አበባ ያላችሁ ወደ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወይም ወደ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሂዱ፤ እሑድ ጊዜ ካላችሁም የገፈርሳ ግድብ ቅርብ ነው። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ያላችሁ ሐይቁ በደጃችሁ ነውና እንቀናባችኋለን። ማኅበር የሚሻ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። በአውሮፓውያን የሜይ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ማለትም በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ፣ የዓለም የተጓዥ ወፎች ቀን ነው። ይህ ቀን የዘገዩትን ለመሰናበት ጥሩ ምክንያት ነው።

ወንጭፉስ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ልጁን ጠይቄው ነበር። ላስቲኩን ፈትቶ በደብተሩ ዙሪያ አስሮታል፤ ገጾቹ በነፋስ እንዳይገለጡ ይይዝለታል። ባላውን ግን አልጣለውም። መነጽሩን ሲያነጣጥር እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኑን የሚያሳርፍበት እርሱ ነው።